ራጅ የተነሳው ዘነዘና

እናንተዬ፣ አንድ ዘነዘና የሰው እግር ሊያስነቅል ጥቂት ቀርቶት ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሰው ላይ ወድቆ አይደለም፤ ሰው ተማትቶበትም አይደለም። ፎቶ ስለተነሳ ብቻ ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እግሩ ደግሞ የእናቴ ነው። ለሰው ሳወራው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ያችን ቅዳሜና እሑድ ካሳለፍኩ ወዲህ እንደ ድሮዬ አይደለሁም።

ስሜ ሙሉቀን ነው፤ ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። እዚሁ ጎንደር፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ማራኪ ሰፈር ባለችው ቤታችን ከእናቴ ከወይዘሮ የሻረግ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ትዳር የለኝም፤ መጠጥ አልወድም፤ መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት እያለ ከከተማ ወጣ ብሎ መመለሱ ቀረ። ሰው ቤት ሲውል አንዳች አመል ያወጣል። እኔ ያወጣሁት አመል የቤት ዕቃ ፎቶ ማንሳት ነው።

ፎቶ ስላችሁ ሱቅ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፈው፣ ድስቱ ከነክዳኑ የሚታይበት እንዳይመስላችሁ። እኔ ዕቃውን የምጠጋው ዕቃነቱ እስኪጠፋ ነው። የወንፊት ቀዳዳ፣ የሳሙና ስንጥቅ፣ የተቃጠለ መጥበሻ ቂጥ፣ ይኼ ሁሉ በጣም ሲቀርቡት ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚያ ስልኬ ላይ ቀለሙን አጠፋና ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አደርገዋለሁ። ፒያሳ ቲሸርት ላይ ጽሑፍ የሚያትም ጓደኛ አለኝ፤ ለሥራው የሚጠቀምበት ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ አለው። የወደድኳቸውን እዚያ ላይ ያትምልኛል። መስኮት ላይ ለጥፌ ፀሐይ ሲያልፍባቸው ብቻዬን ተቀምጬ አያቸዋለሁ።

ለእያንዳንዱ ምስል ስም እሰጠዋለሁ፤ ስሙንም ጥጉ ላይ በነጭ ቀለም እጽፋለሁ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። አባቴ ክፉም ደግም ሆዱ ውስጥ አምቆ የሚይዝ ሰው ነበር። ሥራ ይዞት ይሄድ የነበረውን ፔርሙስ ውስጡን አነሳሁና «የአባቴ ሆድ» አልኩት። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከእናቴ ጋር በአንድ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ተጣልታ አራት ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ ስትሰድበን ኖራለች። የካሮት መፈቅፈቂያችንን አነሳሁና «የዘነቡ ምላስ» ብዬ ሰየምኩት። ከሁሉ የምወደው ግን አንድ ሐሙስ ጠዋት ማድ ቤት ያነሳሁት ነው። ዘነዘናው ሙቀጫው አፍ ላይ ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ ድቡልቡል ጫፉ ከጎድጓዳው አፍ ጋር ሊገናኝ ትንሽ ቀርቶታል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ቀጭን ስንጥቅ አለ። እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው ያንን እያነሳችና እየጣለች ነው። «የእናቴ ጉልበት» ብዬ ጻፍኩበት። እኔ ያልኩት ኃይሏን ነው። አማርኛችን ግን ለኃይሉም ለእግር መታጠፊያውም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያነብ የሚውል ሰው ይኼን ማሰብ ነበረበት።

ለእናቴ አንዱንም አሳይቻት አላውቅም። ማድ ቤት ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ ስልኬን ከድስት ሥር ስደግን ታገኘኛለች። አንድ ነገር የጠፋብኝ ይመስላትና ጎንበስ ብላ አብራኝ ትፈልጋለች። «ምን ነበር የጣልከው?» ትለኛለች። «ተይው እማዬ፣ አገኘሁት» እላታለሁ። ብነግራት አይገባትም ብዬ ነው፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ፊልም የምላቸውን እነዚያን የታተሙ ፕላስቲኮች የማስቀምጠው አንድ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ነበር። አምና ኳስ ስጫወት ወድቄ እጄን ራጅ በተነሳሁ ጊዜ የተሰጠኝ ፖስታ ነው። የሐኪም ቤቱ ማኅተምና «ራጅ ክፍል» የሚል ጽሑፍ አለበት። ልኩ ልክ ስለሆነልኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ቅዳሜ ዕለት እናቴ ገበያ ወጥታለች፤ እኔም ሽንኩርት ልገዛ ሱቅ ወረድኩ። ስመለስ አያ ፈረደ ሳሎን መስኮት አጠገብ ቆሟል። አያ ፈረደ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ኮሶዬ በምትባል ገጠር ያርሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋቱ ማኪና መጥቶ ሳይጠይቀን አይቀርም። ማንበብ ይችላል፤ ያነበበውንም ሁሉ ያምናል። ጋቢው ከትከሻው ወርዷል፤ በሁለት እጁ ፊልሙን ወደ ፀሐዩ ወጥሮ ይዟል፤ ፖስታው ተከፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ይህ መች ነው የተነሳው?» አለኝ ሳይዞር።

«ሐሙስ ጠዋት ነው አያ።»

«ማን አነሳው?»

«እኔው ነኝ።»

«አንተማ ይዘሃት ሄደህ ነው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። የታሰበኝ በዚህ ዕድሜዬ የዘነዘና ፎቶ ሳነሳ መያዜ ብቻ ነበር፤ ፊቴ ጋለ።

«የሻረግ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አልነገርኳትም። በማርያም አያ፣ አንተም እንዳትነግራት።»

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «ሸጋ አድርገሃል ልጄ» አለኝ። «ብቻህን ተሸክመኸው ኖረሃል።»

ነገሩ የገባኝ «የአባትህንም ሳትጥል ያዝከው?» ብሎ «የአባቴ ሆድ» የሚለውን ፊልም ሲያነሳ ነው። እንባውን፣ ፖስታውን፣ ማኅተሙንና ጽሑፉን አንድ ላይ ሳያቸው ሳቄ አመለጠኝ። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። አያ ፈረደ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝና ውኃ አመጣልኝ። ሐዘን ሲበዛ ሰው እንዲህ ይስቃል፣ አይቻለሁ አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለዚህ የቀረው አይገባም። ከስድስት ዓመት በፊት አባቴ ሆዱን ሲታመም ውጤቱን የሰማነው እኔና አያ ፈረደ ነን። ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረን። እንደ አገራችን ወግ በሽተኛውም ሚስቱም እንዳይሰሙ ተማማልን። እናቴን ጨጓራ ነው አልናት። አባቴ ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው እንኳ ጨጓራ ነው እያልናት አብሽ ታፈላለት ነበር። በኋላ አልወቀሰችንም፤ እኛም ይቅርታ አልጠየቅናትም።

እንግዲህ እኔ አሁን «አያ፣ ይኼ ዘነዘና ነው» ስል ሰውዬው ምን እንደሚሰማው አስቡት። እጁን ይዤ ማድ ቤት አስገባሁት፤ ሙቀጫውንም ዘነዘናውንም አሳየሁት። ዘነዘናውን አየ፣ ፊልሙን አየ። ይህ እንጨት ነው፤ ይኸኛው ነጭ አጥንት ነው፤ እንጨትና አጥንት መለየት አያቅተኝም አለ። ስልኬን ከፍቼ ዋናውን ፎቶ አሳየሁት። በዚህ ዘመን ስልክ የማይሠራው ነገር አለ ወይ አለኝ። ከዚያ በሐዘን ተመለከተኝ።

«ያኔ ጨጓራ አልን። ዛሬ ደግሞ ዘነዘና። ለሷስ ይሁን፤ ለኔ እውነቱን ብትነግረኝ ምነው?»

 ውሸትን እንደ እውነት ከተናገርን በኋላ እውነቱን የምንናገርበት ሌላ አፍ የለንም።

እናቴ ስድስት ሰዓት ላይ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ እንደ ወትሮዋ ፈጠን ፈጠን እያለች ገባች። አያ ፈረደ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳና ዘንቢሉን ነጠቃት፤ ብብቷን ደግፎ ወደ አልጋው ወሰዳት።

«እግርሽን መሬት እንዳታስነኪ።»

«ምነው አያ?»

«ምንም አይደለ። ዝም ብለሽ ዕረፊ።»

እሱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። እኔ ወዲያው አፌን ከፍቼ ሁሉንም ነገርኳት። ምንም የለብሽም እማዬ፤ እኔ ያነሳሁት የዘነዘና ፎቶ ነው፤ አያ ራጅ መስሎት ነው አልኳት። ፊልሙን እንዳሳያት እጄን ብዘረጋ አያ ፈረደ ከጋቢው ሥር ደብቆ ጀርባውን ሰጠኝ። እናቴ «እሺ ልጄ» አለችኝ። ሐኪም ፊት የምትለውን ዓይነት እሺ ነው። ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ሳበች። ምን ሆኜ ነው ብላ አልጠየቀችም፤ አባቴም አልጠየቀም ነበር።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። አያ ፈረደ የዕድራችንን ሊቀ መንበር ሊያማክር ሲወጣ በእትዬ ዘነቡ ደጅ አለፈ። እሱ ከእሷ ጠብ የለውም። አንጀቱ አልችል ብሎት «ዘነቡ፣ ምላስሽን እንዴት ነው?» አላት። ሴትዮዋ ደነገጠች። ራጅሽ እኛ ቤት ከየሻረግ ራጅ ጋር ተቀምጧል፣ ምላስሽ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል፣ እግዜር ይማርሽ ብሏት ሄደ። ራጅ መች ተነሳሁ ብላ እንኳ አልተከራከረችም፤ ባለፈው ጥርሷን ስትነቀል ሳትሰማ አንስተዋት ይሆናል ብላ እንዳሰበች ነው በኋላ የሰማሁት።

የዕድራችን ሊቀ መንበር መምህር አዱኛ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። መጥተው መነጽራቸውን አደረጉና ፊልሙን መስኮት ላይ ዘረጉት። ራጅ አንብበው አያውቁም፤ ግን አላውቅም ማለት ያስተማሩትን ትውልድ ማሳፈር ነው የመሰላቸው። ላይኛው ተራራ፣ ታችኛው ሸለቆ መሆኑን በጣታቸው አሳዩን። መሐሉ ላይ መራራቅ አለ አሉ። ስንጥቁ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ መሆኑንና እንዲህ ያለ ስንጥቅ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ እንደማይሄድ አስረዱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉኝ። እኔ ዘነዘና መሆኑን ስነግራቸው ጀርባዬን መታ መታ አድርገው በርታ አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በራችን ላይ ቆመች። አራት ዓመት ያልረገጠችውን ደጅ ተሻግራ እናቴ እግር ሥር ወደቀች። በዚያ በምፈራው አፏ አንድም ቃል አልወጣም፤ በእጇ ብቻ ይቅር በይኝ አለች። እናቴም ይቅር አለቻት። ዘነቡ ሥራ ላግዝ ብላ ማድ ቤት ገባችና የእናቴን በርበሬ፣ ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ተሸክማ ቤቷ ወሰደች። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትንሽ ተስፋ ነበራት። ዘነቡ ዝም ብላ እግሯ ላይ ስትወድቅ ግን በቃ፣ አልቆልኛል አለች።

ማታ ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትነሳ ደገፍኳት። ታነክሳለች። ጠዋት ገበያ ደርሳ የመጣች ሴት ቀኝ እግሯን እየጎተተች ነው። እስከዚያ ድረስ እኔ በነገሩ እየተናደድኩም እየሳቅሁም ነበር። ያን ጊዜ ግን ፈራሁ። አልጋ ላይ ያስተኛት አንድ የቤት ዕቃ ፎቶ ነው።

አያ ፈረደ በስልክ ጨርሶት ኖሮ፣ እሑድ ጠዋት ወጌሻ ወንዴ ከትክል ድንጋይ ከተማ እንደሚመጣ ነገረኝ። ቦታውን የሳተውን አጥንት ጎትቶ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በሸንበቆ አስሮ አርባ ቀን ያስተኛታል። ሰኞ ሐኪም ቤት እንውሰዳትና ራጅ ትነሳ ብዬ ለመንኩት። ራጁማ ይኸው አለኝ ደረቱን እየነካ፤ ፊልሙ እዚያ ነበር።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና አንድ ብልሃት አገኘሁ ብዬ ተነሳሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያ የማድ ቤት ብርሃን ሲመጣ፣ እዚያው ዓይናቸው ሥር ደግሜ አነሳዋለሁ። ዘነዘናውን ላመጣ ዘነቡ ቤት ሮጥኩ። ሴትዮዋ ዕንቅልፍ አጥታ ሌሊቱን ሙሉ ስትወቅጥ አድራለች፤ ዘነዘናው ከጫፍ እስከ ጫፍ በርበሬ ለብሶ ቀልቷል። ስንጥቁም ተደፍኗል። ይዤው ስገባ አያ ፈረደ አንዴ አየውና ፊቱን አዞረ። መምህር አዱኛ ብቻ ይህኛው ቀይ መሆኑን በትሕትና አስታወሱኝ።

እናቴ ያን ጠዋት የምታነክሰው በግራ እግሯ ነበር። ከእኔ በቀር ያስተዋለ የለም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አራት ሰዓት ላይ ቤታችን በሰው ሞላ። ወጌሻ ወንዴ ገባ። ቁመቱ አጭር፣ እጁ ሰፊ፣ ነገሩ ቀስ ያለ ሰው ነው። ሸንበቆውን ወለል ላይ አስቀመጠ፤ ቅቤ እንዲሞቅለት ጠየቀ። አያ ፈረደ ሁለት ጎረምሶች በትከሻዋ በኩል፣ ሁለት በወገቧ በኩል እንዲቆሙ አደረገ። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ተው ስል አንድ ዘመድ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ገፋኝ። ልጅ እናቱ እንዲህ ስትሆን ማየት የለበትም አለ፣ ለቤቱ ሁሉ።

ወንዴ ቅቤውን መዳፉ ላይ አሻሸና ቀና አለ።

«የቀኙ ነው የግራው?»

 አያ ፈረደ ፊልሙን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ለመምህር አዱኛ ሰጠ። መምህሩ ካርታ ላይ ምሥራቅ በቀኝ ስለሆነ ቀኙ ነው አሉ። አያ ፈረደ ከፊት ለፊት የተነሳ ከሆነ ቀኙ ግራ ይሆናል አለ። ክርክር ተነሳ። አንዱ ሁለቱንም ይሳባቸዋ አለ። እትዬ ዘነቡ እንኳ ነጠላዋን ሳታወርድ በጣቷ ግራውን ጠቆመች።

ወንዴ በትዕግሥት ጠበቃቸውና «የእግሩን ባለቤት ጠይቁ እንጂ» አለ።

«እሷ አታውቅም» አለ አያ ፈረደ።

«እግሯን?»

እኔ እዚያ በሩ ላይ ቆሜ የራሴን ሞኝነት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያ ፊልም በስንት ሰው እጅ አልፏል። የዕድሩ ሊቀ መንበር አይተውታል፣ ጎረቤት አይቶታል፣ የማላውቀው ሰው አይቶታል። ያላየችው እሷ ብቻ ናት። እኔም ለሁሉም አውርቼ፣ ለሁሉም ምዬ፣ ለእሷ በአፌ ነገርኳት እንጂ አላሳየኋትም። ከመጀመሪያውም አሳይቻት አላውቅም ነበር። ክንዴን የያዘኝን ዘመድ አስለቀቅሁትና ፊልሙን ከመምህር አዱኛ እጅ ወሰድኩ። አያ ፈረደ ጋቢዬን ያዘኝ፤ ጋቢውን ለእሱ ተውኩለት። ፊልሙን እናቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

ዓይኗን ከፈተች። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ዘረጋች፤ ጥቂት አየችውና ላዩን ወደ ታች ገለበጠችው። እኔ ስሙን የጻፍኩት ዘቅዝቄ ኖሮ፣ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው ፊደሉን ተከትሎ ዘቅዝቆ ነበር የያዘው። አንድ ጊዜ ራቅ፣ አንድ ጊዜ ቀረብ አደረገችው።

«ይኼማ ዘነዘናዬ ነው» አለች።

አያ ፈረደ በለሆሳስ፣ አጥንትሽ ነው እህቴ፣ አይዞሽ አላት።

«ምነው አያ? አርባ ዓመት የጨበጥኩትን ላልለየው ነው?» ጣቷን ስንጥቁ ላይ አደረገች። «ይህችን አታውቃትም? ሙሉቀንን አርግዤ ሳለሁ ከእጄ አምልጦ ድንጋይ ላይ የወደቀ ጊዜ ነው የተሰነጠቀው። ይኸው እዚህ ጋ ነው አውራ ጣቴን የማሳርፈው፤ ጎድጉዷል።»

አውራ ጣቷን በምስሉ ላይ አሳረፈች። እኔ ያንን ጎድጓዳ ጥላ ነው ብዬ ነበር ያነሳሁት። ከዚያ መልሳ አዞረችውና ጥጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበበችው፤ መሠረተ ትምህርት የተማረች ናት።

«ጉልበቴን ምን አመጣው?»

ያ ሁሉ ሰው ፊቴን ያያል። ስለ ብርሃን፣ ስለ ቅርጽ ልነግራት የምችለው ብዙ ነበር። «ጉልበትሽ የት ሄዶ አለቀ ብዬ ሳስብ እሱ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነው» አልኳት። 

ፊልሙን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቅቤው የወንዴ እጅ ላይ መርጋት ጀምሯል።

«የአባትህን ጊዜም እንዲህ አምጥተህ እጄ ላይ ብታስቀምጥልኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። አልተቆጣችም። «እኔ እኮ በዚያ ወር ገበያ ስመላለስ ነው የከረምኩት። ይድናል ብዬ። ባውቅ ኖሮ እጁን ይዤ እቀመጥ ነበር።»

አያ ፈረደ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ያልተባለ ነገር ተባለ፤ ያስባለውም አንድ ዘነዘና ነው። እናቴ ጎረምሶቹን ዞር በሉልኝ አለቻቸውና እግሮቿን አንድ በአንድ አወረደች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ሄደች። ማድ ቤት ገብታ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ዘነዘናዬን ማን ነው እንዲህ በበርበሬ ያበላሸብኝ አለች።

ወጌሻ ወንዴ የሞቀ ቅቤ አይደፋም ብሎ የአያ ፈረደን ወገብ አሸለት። እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ መጥታ ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ አደረገች፤ ከቅዳሜ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ «የኔስ?» የሚል ነበር። መፈቅፈቂያ ነው አልኳት። ስሙን ለምን እንደሰጠሁት እስክትረዳ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ያጠራቀመችውን አንድ ሳታስቀር አወረደችብኝ። ምላሷ ደህና መሆኑን ቤቱ ሁሉ መሰከረ።

አንባቢዎቼ፣ ፎቶ ማንሳቱን አልተውኩም። አሁን ግን ያነሳሁትን መጀመሪያ የማሳየው ለእናቴ ነው። እኔ ቅርጽ የምለው ለእሷ የታወቀ ጭረት ነው፤ መቼና በማን እጅ እንደተጫረ ትነግረኛለች። አይገባትም ብዬ ስደብቅ የኖርኩት ማንበብ ከምትችለዋ ብቸኛ ሰው ነበር። እናንተም ለሰው አዝናችሁ፣ ተጨንቃችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ አንድ ጊዜ አስቡበት። እኛ አገር ክፉ ወሬ መደበቅ ደግነት ነው፤ ደግነት መሆኑንም አልክድም። ግን ሰውዬው ስለራሱ እግር እንኳ የማይጠየቅበት ቤት ውስጥ ያደርሰናል።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ራሷን እያዞራት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ምርመራው አለቀና ወጣቱ ዶክተር ወረቀቱን አይቶ በዓይኑ ጠራኝ። ቤተሰብ ከሆንክ ኮሪደር ላይ እንነጋገር አለኝ። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። የነገሩ ባለቤት እዚህ አለች፣ ለእሷ ንገራት አልኩት። ዶክተሩ ግራ ተጋባ። እናቴ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች፤ ወረቀቱንም እንዲያሳያት እጇን ዘረጋችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ውጭ ጠብቀኝ» አለችኝ።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትወጣ አጠገቤ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችኝ።